ደጋ በእኛ አፍ

እንግሊዝ አገር
ሐምሌ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አዳዳዬ ለወይዘሮ ዙህራ፣
ጎሮ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎና ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? የድምብላሉ ገበያስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስ ዶረቲም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢደክምም አፋቸው አልደከመም። አንዳንዴ እርስዎን እርስዎን ይሉኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎት አንድ ነገር አግኝቼ ነው። ባለፈው እሑድ ሚስ ዶረቲ «ገጠር ውሰጂኝ» ብለውኝ ወጣን። መኪናው አንድ ሜዳ ዳር አወረደን። በጎች ይግጣሉ፣ በመካከላቸው ትልልቅ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አዳዳ፣ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ከመንደራችን ጀርባ ያለውን ደጋ ጃርሳን ሰው ተሸክሞ ያመጣው መሰለኝ። አንዳንዱ ዘመም ብሏል፣ አንዳንዱ ሽበት አብቅሏል፤ ልክ እንደኛው።

እጄ ሳያማክረኝ ጎንበስ አልኩና ሳር ነጨሁ። አባቴ እንዳስተማረኝ በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ አኖርኩት። እዚያ የሚጠብቅ ሰውዬ መጣና ምን እያደረግሽ ነው አለኝ። ሰላም እያልኩ ነው አልኩት። በአገሬ ሰው በድንጋዮቹ አጠገብ ባዶ እጁን አያልፍም፤ ሳር ያኖራል፣ ምንም አይለምናቸውም፣ ይሄዳል አልኩት። ሰውዬው ቆቡን አወለቀና ስለ አገሬ ጠየቀኝ። ያኔ ጉራዬን ነዛሁ። የእኛዎቹ ከእነዚህ ይበልጣሉ አልኩ። ሚስ ዶረቲ በዱላቸው ድንጋዩን መታ መታ አድርገው፣ ልጅ ሆነሽ አይተሻቸው ነው እንጂ ለልጅ ሁሉም ነገር ትልቅ ነው አሉኝ።

ይኸው ነገሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንገበግበኛል። እባክዎ ለክተው ይላኩልኝ።

እጅዎን እየሳምኩ፣
የወንድምዎ ልጅ መርዋ ወዚር


ጎሮ
መስከረም 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለመርዋ፣ ለወንድሜ ለወዚር ዓይን፣

ወዓለይኩሙሰላም፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ። አላህ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ ካሰብሽው ያድርስሽ። ደብዳቤሽ በዘውገ እጅ ደረሰኝ። ዘውገን ታውቂዋለሽ፤ ከቡታጅራ መጥቶ እዚሁ ያረጀው፣ ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ የሚገዛን ነጋዴ። ሮቤ ያለው የፖስታ ሣጥኑ ካንቺ ደብዳቤ በቀር ምን ይገባበታል? «መርዋ ምን አለች?» ሳይለኝ ሚዛኑን አያነሳም፤ እኔም ሚዛኑ በእኔ በኩል ደህና እስኪያዘነብል አልነግረውም።

አንቺ ግን እንዴት ትጠራጠሪያለሽ? ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሼህ ሙህዲንን ከነሽበቱ ይዤው ሄድኩ። ከጎሮ ሰው እሱን የሚያህል ረጅም እንደሌለ ታውቂያለሽ። ከትልቁ ድንጋይ ሥር አቆምኩትና እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ አልኩት። ዘረጋ። ጫፉን አልነካውም። በእግርህ ጣት ቁም አልኩት፤ ዙህራ በዚህ ዕድሜዬ ልታስጨፍሪኝ ነው ወይ ብሎ ቆመልኝ፣ አሁንም አልነካውም። ለአሮጊቷ ይኼንን ንገሪያት። የእንግሊዞቹንም አላህ ያቁምላቸው፣ እኛ ሰው አንንቅም፤ የእኛው ግን ይበልጣል።

ይኼን ስጽፍልሽ ፊደሉ እየተደራረበብኝ ነው። መነጽር ላኪልኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩ እኔ ነኝ፤ አሁን ዓይኔ ቢከዳኝ ማን ያነብልኛል? የልጅ ልጆቼ የተማሩት ቁቤ ነው። ደብዳቤሽን ቢያገላብጡት ላቲን ስላልሆነ አይገባቸውም።

አንድ ነገር መጨረሻ ላይ ያቆየሁት መጀመሪያ ልጽፈው ስል እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። ከጎሮ ወደ ቆላው የሚወርድ መንገድ ሊሠራ ነው። መንገዱን ሁላችንም እንፈልገዋለን፣ ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ማመላለስ ሰልችቶናል። ግን የለኩት ሰዎች በድንጋዮቹ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መስመሩ በመካከላቸው ያልፋል አሉ፤ ድንጋዩንም ሰብረው ለመንገዱ ጠጠር ሊያደርጉት ነው። ሮቤ ሄጄ ብጠይቅ፣ ጥንታዊ ነገር ከሆነ አዲስ አበባ ያሉት የቅርስ ሰዎች መጥተው አይተው ሲመዘግቡት ብቻ ነው የሚተርፈው፣ ለእነሱ ጻፉ ተባልኩ። የእኔ ፊደል ለአንቺ ይበቃል እንጂ ለቢሮ አይሆንም። አንቺ ጻፊልን። ድንጋይ የሚሰብረው መኪና ከበልግ በፊት ይመጣል ይላሉ።

አዳዳሽ ዙህራ


እንግሊዝ አገር
ኅዳር 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት አዳዳዬ፣

ረመዷን ከሪም፤ አላህ ጾምዎን ይቀበል። የሼህ ሙህዲንን ነገር ለሚስ ዶረቲ ነገርኳቸው። «በእግሩ ጣት?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝና ተሸነፍኩ አሉ።

ስለ ቀዩ ቀለም ካነበብኩ ወዲህ ግን ሳቅ የለኝም። አባቴ በእጄ ሳር እያስያዘ የወሰደኝ ቦታ ጠጠር ሆኖ ጎማ ሲሄድበት ይታየኛል። ስለዚህ ማመልከቻውን በዚያው ቀን ጻፍኩት። ሮቤ ያስተማሩን የአማርኛ መምህሬ ጋሽ ገብረወልድ ቢያዩት አንድ ነጥብ አይቀንሱብኝም። እንዲህ ብዬ ነው የጀመርኩት፦ «በባሌ ደጋ ጃርሳ በሚባለው ሥፍራ፣ ከጥንት ጀምሮ ክብ ሠርተው የቆሙ ታላላቅ ድንጋዮች ይገኛሉ።» መልሱ ለእርስዎ እንዲደርስ የዘውገን የሮቤ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰጥቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ካነበቡት መምጣታቸው አይቀርም፣ ልብዎ ይረፍ።

መነጽሩን ልኬያለሁ። ክፈፉ ቀይ ነው፤ ገበያ ላይ ከሩቅ እንዲታዩ።

መርዋ


ጎሮ
ጥር 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለመርዋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ወረቀት መጥቶ ነበር። በመነጽርሽ ራሴ አነበብኩት፦ «የጥናት ቡድናችን በጥር ወር ሁለተኛ ሳምንት ወደ ደጋ ይወጣል።» ማኅተም አለው። በየመንደሩ ነገርኩ። ለዓረፋ ያሰብኩትን ሙክት አሳረድኩ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ሴቶቹ ጩኮና ወተት ይዘው፣ ሼህ ሙህዲን ከፊት ሆኖ ድንጋዮቹ ጋ ተቀመጥን። ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ወጣን። ማንም አልመጣም።

የመንገዱ አለቃ በአጠገባችን በመኪና ሲያልፍ እንግዳ ትጠብቃላችሁ ወይ አለን። አዎ አልኩ። ያንን አዎ ያልኩበትን አፌን ጠላሁት። ሰው ፊት ተዋርጃለሁ መርዋ። አንቺን አልወቅስም፣ ግን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዙህራ


እንግሊዝ አገር
የካቲት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዳዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን በሥራ ልብሴ እንዳለሁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በስልክ ላገኝዎት ብሞክርም መስመሩ አልገባልኝም። ለአዲስ አበባዎቹ ጻፍኩ፣ እስካሁን ዝም ብለዋል። የማመልከቻውን ግልባጭ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ አልታየኝም። ስህተቱ የእኔ ከሆነ ይንገሩኝ፣ መስማት ካለማወቅ ይሻለኛል።

እባክዎ አንዲት ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ድንጋዮቹ ቆመዋል ወይ?

መርዋ


ጎሮ
መጋቢት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለመርዋ፣

ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ ኢንተላ ቲያ፤ አላህ ደስታ ያሰማሽ። ቆመዋል። ይኼን አስቀድሜ ልጻፍልሽና አሁን ተንፍሺ። የዘገየሁት የመንገዱ ችካል ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል በዓይኔ ሳላይ አንድም ፊደል አልጽፍም ብዬ ስለማልኩ ነው። ትናንት አየሁ።

ያንን የቁጣ ደብዳቤ ለዘውገ ሰጥቼው ሮቤ ሄደ። ፖስታ ቤት ከትቶት ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ ጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጡ የአዲስ አበባ ሰዎች እያስነጠሱ ያወራሉ። ዲንሾ ብርዱ ገደለን፣ ደጋውን ሁሉ አሰስነው፣ ከአጋዘን በቀር ምንም የለም ይላሉ። ዘውገ ጆሮው ቆመ። ምን ልታዩ ነበር ቢላቸው፣ ክብ የቆመ ድንጋይ አሉት። ሻዩን ሳይጨርስ ኢሱዙውን አስነስቶ እኔ ዘንድ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት ያረፉበት ሆቴል ደረስኩ። ከቤት ስወጣ ከደጃፌ አንድ ድንጋይ አንስቼ በነጠላዬ ቋጥሬ ነበር፤ ዘውገ ልትፈነክቻቸው ነው ወይ እያለ በመንገድ ሙሉ ሲለምነኝ ነበር። ቁርስ ላይ አገኘኋቸው። አለቃቸው ደምመላሽ የሚባል ወጣት ነው፤ አፍንጫው ቀልቷል፣ አንገቱ በፎጣ ተጠቅልሏል። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ ሰው ያሳደገው ልጅ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ደነገጠ።

«እናቴ፣ እኛ እኮ ደጋ ወጥተናል» አለኝ። «ማመልከቻው ‹በባሌ ደጋ፣ ጃርሳ በሚባለው ሥፍራ› ይላል። ዲንሾ ላይ ጃርሳ የት ነው ብለን ጠየቅን።»

«ከዚያስ?»

«ሽማግሌ አመጡልን።»

መርዋ፣ ጃርሳ ሽማግሌ ማለት አይደል? የዲንሾ ሰው ደግሞ እንግዳ አያሳፍርም። ጃርሳ የት አለ ሲባሉ በአገሩ ያለውን ትልቅ ሽማግሌ በፈረስ ጭነው አመጡላቸው። እሱም ለምን እንደተፈለገ ባያውቅም መረቃቸው።

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። የቋጠርኩትን ፈትቼ ድንጋዩን ከሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል አስቀመጥኩት።

«ደጋ ማለት በእኛ አፍ ይኼ ነው» አልኩት።

ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ። ሹፌራቸው ኦሮሞ ነው፤ እሱ ቀድሞ ገባውና ግንባሩን ይዞ መሳቅ ጀመረ። የእናንተ ደጋ ብርድ ነው፣ የእኛ ደጋ ድንጋይ ነው፤ ደጋ ጃርሳ ማለት የሽማግሌዎች ድንጋይ ማለት ነው አልኩት። አንቺ በባሌ ያለውን ደጋ ጃርሳ ብለሽ ጻፍሽ፤ እሱ በባሌ ደጋ ላይ ያለውን ጃርሳ አነበበ። እኔም ብሆን ያው ነኝ። «ቡድናችን ወደ ደጋ ይወጣል» ቢለኝ ወደ ድንጋዩ ይመጣሉ ብዬ ሙክቴን አሳረድኩ። ይኼን ስነግረው ደምመላሽ እያስነጠሰ እያለቀሰ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ማንም ማንንም አልዋሸም፣ እያንዳንዳችን በየአፋችን አነበብን።

ቃሉን በል አልኩት። ደጋ አለ። አይደለም፣ ምላስህን ወደ ላይ ጠቅልለህ ወደ ውስጥ ሳብ አልኩት። ታገለ፣ አልመጣለትም። ከዚያ ግን ወረቀት አወጣና አንድ ፊደል ጻፈልኝ። «ደ»ን ይመስላል፣ ጭረት ተጨምሮበታል፤ ዸ። ይኼ ለዚህች ድምፅ የተሠራ ፊደል ነው፣ ድሮ ኦሮምኛ በዚህ ፊደል ሲጻፍ ይጠቀሙበት ነበር አለኝ። ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ ስል ይችን አንዷን ማንም አላሳየኝም ነበር። እኔ እንግዲህ ከአሁን በኋላ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ ዸጋ።

የዚያኑ ዕለት አብረን ወጣን። አስቀድሞ የተነገረው ሰው የለም። ግን የኢሱዙው አቧራ ከሩቅ ሲታይ ሰው ከየማሳው መጣ። ነጭ የለበሰ አልነበረም፣ እርፍ እንደያዘ የመጣም አለ፤ እንደዚያ ቀን አምሮብን አያውቅም። ሼህ ሙህዲን ሳር ነጭቶ አኖረ። ደምመላሽ አየውና ጎንበስ ብሎ ነጨ፣ አኖረ፣ ከዚያ በኋላ ነው ካሜራውን ያወጣው። ዞሮ ዞሮ ሲለካ ዋለ። ስንት ዘመን ይሆናቸዋል ቢሉት፣ መቆፈርና መመርመር ይፈልጋል፣ አሁን የማውቀው ከሁላችንም ቀድመው እዚህ እንደነበሩ ነው አለ። ይኼን መልስ ወደድኩለት።

ማታ የመንገዱን አለቃ አነጋገረው። ከዚያ ደብዳቤ ሄደ፣ ደብዳቤ መጣ፣ ትናንት ችካሉን ነቅለው መስመሩን በድንጋዮቹ ዙሪያ አዞሩት። አለቃው ራሱ መጥቶ «እንግዶችሽ መጡ አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ያንኛውን አዎ በዚህኛው ካስኩት።

ቀዩን ቀለም እንፋቀው ብንል ድንጋዩ ይጎዳል፣ ዝናብ ይጠበው ብለው ከለከሉን። ክረምቱን እንጠብቃለን።

የእንግሊዞቹን ድንጋይ ፎቶ ላኪልኝ። ሼህ ሙህዲን ካላየሁ አልፈርድም ብሏል።

አዳዳሽ ዙህራ


ጎሮ
ነሐሴ 25 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለመርዋ፣

አላህ ዘመንሽን ያለምልመው። ፎቶው ደረሰ። ሼህ ሙህዲን በመነጽሬ ረጅም ሰዓት አየው። ደህና ናቸው፣ በደንብ ተይዘዋል፣ ግን አጥረዋል አለ። ለአሮጊቷ በቀስታ ንገሪያት።

መንገዱ አለቀ። ሮቤ ላይ ጠዋት የተሳፈረ ሰው የጎሮን ከተማ አልፎ ቀጥ ባለ መንገድ ይመጣና እኛ ጋ ሲደርስ ብቻ ይታጠፋል። ሹፌሮቹ ያማርራሉ። ይማረሩ። እዚያ ጥምዝ ላይ ፍሬን የማይዝ የለም፤ ባለ ኢሱዙም ባለ ላንድክሩዘርም ለአባቶቻችን ዝግ ብሎ ያልፋል። ደጄ ላይ ሆኜ ሳይ ደረቴ ይሞላል። ቀለሙንም ዝናቡ ወስዶታል፣ በደንብ ካላዩት አይታይም። ሰሌዳ ቆሞልናል፤ በቁቤም አለ፣ በፊደልም ከነጭረቱ ዸጋ ጃርሳ ይላል። የልጅ ልጆቼ አንዱን ያነቡታል፣ እኔ አንዱን አነበዋለሁ፣ የምንለው አንድ ነው።

የሚያስቅሽን ልንገርሽ። ጥምዙ ፌርማታ ሆኗል። የሚኒባሱ ረዳት የሻሸመኔ ልጅ ነው፣ ምላሱ አልታጠፍ ብሎት «ደጋ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮሃል። በዚያ ሙቀት፣ ወደ ቆላ በሚወርድ መኪና ውስጥ፣ የማያውቅ መንገደኛ ጋቢውን መፈለግ ይጀምራል።

አሁን የልቤን ልበልሽ። መነጽር ላኪልኝ ብዬሽ ነበር፣ ላክሽ። ጻፊልን አልኩሽ፣ ጻፍሽ። ፎቶ አልኩሽ፣ መጣ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ አንድም ቀን ነይ ብዬሽ አላውቅም፤ ሥራ አላት፣ ኑሮ አላት እያልኩ እፈራ ነበር። ሌላ ሌላውን ስጠይቅሽ እሱኑ እየጠየቅኩሽ ነበር። አሁን ምንም አትላኪልኝ። ያ ልጅ ሲጮህ ሁልጊዜ ቀና ብዬ የሚወርደውን አያለሁ፣ ያንቺን መልክ እያሰብኩ። ድንጋዮቹን አዳንሽ፤ እኔም አርጅቻለሁ። ነይ።

ዙህራ


እንግሊዝ አገር
መስከረም 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለአዳዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይኼ ደብዳቤ አጭር ነው፣ ረጅሙን በአፌ እነግርዎታለሁ። ትኬቴን ቆርጫለሁ፤ ኢንሻአላህ ለዒድ እዚያ ነኝ።

ለሚስ ዶረቲ የሼህ ሙህዲንን ፍርድ በቀስታ ነገርኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ግቢያቸው ወጡ። አንድ እፍኝ ሳር ነጭተው አምጥተው፣ ለረጃጅሞቹ ከእኔ አድርሺልኝ አሉኝ። በመንገድ ይደርቃል ብላቸው ይድረቅ አሉኝ። በመሀረብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሌላውን ከደጃፍዎ እነጫለሁ፤ አንዱ ለአባቴ ነው።

ያን ያህል ዘመን ነይ ሳይሉኝ ሲቆዩ የፈሩት እርስዎ ብቻ አልነበሩም። እኔም ልምጣ ብዬ ለመጻፍ ፈርቼ ስለ ድንጋይ ጻፍኩልዎት።

ሮቤ ላይ በጠዋቱ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። ደጃፍዎ ላይ ይሁኑ። ያ የሻሸመኔ ልጅ በራሱ አፍ ሲጣራ በእኛ አፍ እመልስለታለሁ፤ ስንት ዘመን ባልጠራውም ምላሴ አልረሳውም፣ በየቀኑ ብቻዬን እየሞከርኩት ነው።

ዸጋ፣ ወራጅ አለ።

ልጅዎ መርዋ